ናፍጣ ነው!

ገጠር የሚመላለስበት መኪና የገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዋጋውን አይደለም፤ የስንት ዓመት ምርት እንደሆነም አይደለም። «ናፍጣ ነው ቤንዚን?» ነው ጥያቄው። «ናፍጣ ነው!» ያለ እንደሆነ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል፤ ጠያቂው ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ በአክብሮት ያልፋል። «ቤንዚን ነው» ያለ ግን በዚያ አያበቃለትም፤ ማብራሪያ ይጠበቅበታል። «ለጊዜው ነው»፣ «በርካሽ አግኝቼው ነው»፣ «ብዙም አልነዳውም» እያለ ማንም ሳይከሰው ይከላከላል። ከሦስቱ መከላከያዎች የመጨረሻዋን ግን እንደ ሰበብ መቁጠር ደግ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት እሷ ናት። ናፍጣ የሚያዋጣው ሥራ ለሚያበዛበት ሰው ነው። ሥራው ጥቂት የሆነ ባለይዞታ ቤንዚን ቢገዛ ይሻለዋል። «የቱን ልግዛ?» ብለው ከሚያማክሩት መካከል ደግሞ አብዛኞቹ ሥራቸው ጥቂት ነው፤ ሥራ የበዛበት ሰው ለማማከር ጊዜውን ከየት ያመጣዋል?

ስለ ማን እንደምናወራ እንስማማ። በየቀኑ ከመቂ አዲስ አበባ ሽንኩርት የሚያመላልስ የኢሱዙ ባለቤት በዚህ ክርክር ውስጥ የለበትም፤ እሱ መልሱን ካወቀው ቆይቷል። የምናወራው ኑሮው አዲስ አበባ ወይም አዳማ ሆኖ፣ ከከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ አንድ ሁለት ሄክታር ስለያዘ ሰው ነው። አራት የወተት ላሞች፣ ጥቂት ቀፎዎች፣ አንድ ዘበኛና ብዙ ተስፋ አለው። ቅዳሜ ማለዳ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ የከብት መድኃኒትና የሠራተኛ ደመወዝ ይዞ ይወጣል፤ ማምሻውን በአንድ ጀሪካን ወተት፣ በግማሽ ኩንታል ድንችና እግሯ በታሰረ ዶሮ ታጅቦ ይመለሳል። ባለቤቱ ይህ ሁሉ ሰፈር ካለው ገበያ ቢገዛ ስንት እንደሚያወጣ ልቅም አድርጋ ታውቃለች፤ ለቤቱ ሰላም ስትል ግን ዝም ትላለች። የዚህ ሰው መኪና በሳምንት አንድ ቀን ይሠራል፤ ስድስቱን ቀን ቆሞ አቧራ ይለብሳል። ክርክሩን ሁሉ ይህንን ስድስት ቀን እያሰብን እንከተለው።

የናፍጣን ወገን ሳንሰማ ግን አንፍረድ። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር አውግስቡርግ ላይ ሞተሩን ሲያስፈትን፣ ከነዳጁ ኃይል 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ መለወጥ ችሎ ነበር፤ የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች ብዙዎቹ ከ10 በመቶ እምብዛም ፈቅ አይሉም ነበር። ምስጢሩ ያለው ማመቁ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር አየሩንና ቤንዚኑን አደባልቆ 10 እጥፍ ያህል ያምቅና በካንዴላ ይለኩሰዋል። ናፍጣ ይህን ካንዴላ አያውቅም፤ አየሩን ብቻውን ከ15 እስከ 22 እጥፍ አምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ በራሱ ጊዜ ይነዳል። ብዙ ያመቀ ከእያንዳንዷ ጠብታ ብዙ ያወጣል። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ የሚበልጥ ኃይል ይዟል። ስለ ጉልበትም ቢሆን ወሬው ከሜዳ አልተነሣም። ሰዉ ዲ ፎር ዲ የሚለው ባለ 2.5 ሊትሩ የሂሉክስ ናፍጣ 102 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፤ ባለ 2.7 ሊትሩ ቤንዚን 160 ይጠጋል። ነገር ግን የናፍጣው የመጎተት አቅም 260 ኒውተን ሜትር ሆኖ ሞተሩ በደቂቃ 1,600 ዙር ላይ ሲደርስ ሙሉውን ይሰጣል፤ የቤንዚኑ 241 ሲሆን እሱም እስከ 3,800 ዙር ድረስ ካልጮኹበት አይገኝም። ኩንታል ጭኖ ዳገት መሐል ለቆመ ሰው የ3,800 ዙር ጩኸት አያምርም። እዚህ ድረስ የናፍጣ ወዳጆች እውነታቸውን ነው።

አሁን እርሳስ እናንሳ። የቤንዚኑ ፒክአፕ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር፣ የናፍጣው 9 ሊትር ይጠጣል እንበል። የማደያ ዋጋ በየጊዜው ይከለሳል፤ ሐምሌ 2014 ላይ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም፣ ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ሁለቱም መቶ ብር አካባቢ ላይ ተገናኙ። ለኛ ቁም ነገሩ ሁለቱ ጎን ለጎን መሄዳቸው ነው፤ ዛሬ አንዱ በጥቂት ብር ቢበልጥ ነገ ሌላው ይቀድመዋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሊትሩን 100 ብር እናድርጋቸው። ናፍጣ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 300 ብር አተረፈ ማለት ነው። የቅዳሜው ሰውዬ ደርሶ መልሱና ውስጥ ለውስጥ የሚነዳው ተደምሮ በሳምንት 150 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በዓመት 50 ሳምንት ቢወጣ፣ 7,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ትርፉ 22,500 ብር። ያንኑ ፒክአፕ በየቀኑ 100 ኪሎ ሜትር የሚያሠራ ነጋዴ ግን 300 ቀን ቢወጣ 30,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ትርፉ 90,000 ብር። ሞተሩ አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ሁለት። የቅዳሜው ሰውዬ ትርፍ በወር ሲካፈል 1,900 ብር አይሞላም። «ናፍጣ ነው» በሚለው አንድ ቃል ምክንያት ደላላው በላዩ ላይ የጨመረበትን ገንዘብ ለዚህ ቢያካፍለው፣ ወጪው የሚመለሰው ልጆቹ መሬቱን ሲወርሱ ሊሆን ይችላል።

ይህም ሒሳብ ጋራዥ ሳይገባ ነው። ሁሉም ስለ ሊትር ያወራል፤ ናፍጣው በምን በኩል እንደሚያልፍ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የተስፋፋው ኮመን ሬይል የሚባለው አሠራር ነዳጁን ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት ወደ ሞተሩ ይረጫል፤ የመኪና ጎማ የሚነፋበት አየር ሁለት ወይም ሦስት ባር ነው። ይህን ግፊት ይዞ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚከፈተውና የሚዘጋው ኢንጄክተር፣ በውስጡ ባሉት ተንሸራታች ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። እዚህ ውስጥ እንዲያልፍ የሚጠበቀው ደግሞ ከማደያ በራቀ ወረዳ በበርሜል ከርሞ፣ ወደ ጀሪካን ተገልብጦ፣ አፉ በላስቲክ ተወትፎ በአህያ ጋሪ የመጣ ናፍጣ ነው። ውሃ አለበት፤ ዝቃጭ አለበት፤ ሻጩ እጁ ካላረፈ ነጭ ጋዝም አለበት። ነጭ ጋዙ የሚያደርሰው ጉዳት ረቂቅ ነው፤ ግፊቱን የሚሰጠውን ፓምፕ ውስጡን የሚያለሰልሰው የሞተር ዘይት አይደለም፣ ራሱ ናፍጣው ነው። ነጭ ጋዝ ሲበዛበት ልስላሴው ይሄዳል፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ብናኙ ወርዶ ኢንጄክተሮቹን ይበላል። መኪናው ወዲያው ቢቆም ደግ ነበር። እሱ ግን አይቆምም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይለግማል፣ ጭስ ይተፋል፣ አንድ ጠዋት ደግሞ አልነሣም ይላል። የወረዳው መካኒክ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ውስጡን በባትሪ መብራት አይቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ይሄ በኮምፒውተር ነው የሚታይ» ይላል። ኮምፒውተሩ አዲስ አበባ ነው። መኪናው ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ነው፤ የሚጭነው መኪናም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ናፍጣ ነው።

ቤንዚንም ውሃ ይገባበታል፣ ቤንዚንም ይበረዛል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነዳጁን አፍስሶ፣ ፊልትሮ ቀይሮ፣ ካንዴላውን ነቅሎ በብሩሽ ጠርጎ፣ ጥቁር ከሆነ ቀይሮ ማስነሣት በየወረዳ ከተማው ያለ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የሚሠራው ነው። የት ተማረው ቢሉ በባጃጅና በሞተር ብስክሌት ነው። ባጃጁ ቤንዚን፣ ሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን፤ ማለዳ የተበላሸ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ካልዋለ ባለቤቱ ዕቁብ አይጥልም። ገጠራችን ለዓመታት የቤንዚን ትምህርት ቤት ሆኖ ከርሟል፤ የፒክአፕ ገዢዎች ግን እስካሁን ልብ አላሉትም።

«ታዲያ አሮጌውን ናፍጣ ይግዛ!» ይላል ነገሩን የሚያውቅ ሰው። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው። 5ኤል ሞተር ያለው ሂሉክስ ኮምፒውተር አያውቅም። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የዋለው 1ኤችዜድ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ፣ ግማሽ የአፍሪካ የረድኤት ሥራ በጀርባው የተሠራ ሞተር ነው። የተበረዘውንም ናፍጣ እያስነጠሰው ያልፋል። እንዲህ ያለውን በጤናው ያገኘ ሰው ይግዛው፤ የእኔን ክርክር ጣጥሎ ይግዛው። ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው። ጤነኛ 1ኤችዜድ ያለው ሰው አይሸጠውም፤ ከሸጠውም ለአጎቱ ልጅ ነው። ገበያ ላይ የሚወጣው በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ዓመት የፕሮጀክት ሾፌር ሲፈራረቅበት የኖረው ነው፤ ቆጣሪው 140,000 ይላል፤ ስንተኛ ዙሩ እንደሆነ ግን አይናገርም። ሌላም አለ። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ደግሞ ከባሕር ጠረፉ ጋር ሲተያይ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ስለዚህ በ130 የፈረስ ጉልበት የተመዘገበው 1ኤችዜድ እንጦጦ ዳገት ላይ መቶም አይሞላም። ፍርዱ እንዳያዳላ፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራው ቤንዚንም እኩል ይደክማል፤ ከፍታው ለማንም አያደላም። ከዚህ የሚያድነው ቱርቦ ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ደግሞ አብዛኛው ኮምፒውተር አለው። እንዲህ እያለ ክርክሩ ዞሮ እዚያው ጋራዥ በር ላይ ያደርሰናል።

ወደ ስድስቱ ቀን እንመለስ። ናፍጣ ሞተር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ ሳይሞቅ ማጥፋትም አይስማማውም። ከበር እስከ በረት፣ ከበረት እስከ ወንዝ፣ ከወንዝ እስከ ቀበሌ እየተነሣ የሚጠፋ ናፍጣ ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥላሸት እያጠራቀመ ይሄዳል። በጣም አዲሶቹ ላይ የተገጠመው የጭስ ማጣሪያ ደግሞ ጥላሸቱን የሚያቃጥለው መኪናው በደንብ ሞቆ ረዘም ያለ መንገድ በፍጥነት ሲሄድ ነው፤ በረት ለመጎብኘት የተገዛ መኪና ማጣሪያውን ለማጽዳት ሲባል በሐሙስ ቀን አዳማ ደርሶ ሊመለስ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በዚያ ብርድ ስድስት ቀን የቆመ አሮጌ ናፍጣ ጠዋት ለመነሣት ትልቅ ባትሪ፣ ትዕግሥትና አንዳንዴም አራት ገፊ ይሻል። የሚገፋው ሰው ስለ ናፍጣ ጥቅም ምን እንደሚያስብ ማንም ጠይቆት አያውቅም። በሌላ በኩል ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ ችግር የለም፤ ሞተሩ ይሞቃል፣ ይታጠባል፣ በዝግታ ሲሄድም ሆነ ቆሞ ሲጭን ነዳጅ አያባክንም። ዝግ ብሎ መሥራት የናፍጣ ትልቁ በረከት ነው፤ ይህን የሚክድ ካለ ነገሩን አልመረመረም። በረከቱ ግን የሚወርደው ዝግ ብሎ ሲሠራ ነው፤ ዝም ብሎ ሲቆም አይደለም።

«ጭቃውንስ?» ይባላል። ክረምት ላይ ዋልካ መሬት የሄደ ሰው ይህን መጠየቁ አያስወቅሰውም። ዋልካ ግን ስለ ነዳጅ አይጠይቅም። የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ካደረገው በኋላ 260 ኒውተን ሜትርም 241ም እዚያው ቦታ ላይ ይሽከረከራሉ። ከዋልካ የሚያወጣው ጥርሱ ያላለቀ ጎማ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሆድ፣ አራቱንም ጎማ የሚያዞር ማርሽና የሾፌሩ ትዕግሥት ነው፤ አራቱም በቤንዚን መኪና ላይ ይገኛሉ። እንዲያውም ናፍጣ ሞተር ያን ሁሉ እመቃ ለመቋቋም በከባድ ብረት ስለሚሠራ አፍንጫው ይከብዳል፤ ባዶውን ሲሄድ ፊቱ ቀድሞ ይሰምጣል። ጭነት ከሆነ ጥያቄው፣ በየሳምንቱ 10 ኩንታል ለሚጭን ሰው መልሱ ናፍጣ ነው። በዓመት ሁለቴ፣ ድንቹ ሲወጣና ድርቆሹ ሲገባ ብቻ ለሚጭን ሰው ግን ያን ዕለት ኢሱዙ መከራየት ይሻለዋል። ለሁለት ቀን ጭነት ብሎ ዓመቱን ሙሉ የጭነት ሞተር የሚቀልብ ሰው፣ ለሁለት ልደት ሲባል ድንኳን ገዝቶ እንደሚያስቀምጥ ነው።

በአንድ ጉዳይ ላይ ግን እጄን እሰጣለሁ፤ እሱም እሳት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ናፍጣ 50 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ በክብሪት አይያዝም። ማደያ በሌለበት ቀበሌ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ተደርድሮ የሚሸጠውን ቀይ ወርቅ የመሰለ ፈሳሽ ያየ፣ ከጀርባው ደግሞ ቡና የሚፈላበትን ከሰል ያየ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ገለባ፣ ድርቆሽና የማብሰያ እሳት በአንድ ግቢ ውስጥ ባሉበት፣ በርሜል ቤንዚን ማስቀመጥ ቁማር ነው። ቤንዚን ሲከርምም ይበላሻል፤ ናፍጣ ውሃ እንዳይገባበት ከተጠነቀቁለት የበለጠ ይቆያል። ስለዚህ ይዞታው ከማደያ እጅግ የራቀና ነዳጅ ግቢው ውስጥ ማከማቸት ግድ የሚሆንበት ሰው ናፍጣ ይግዛ። ትራክተር ወይም በናፍጣ የሚሠራ የመስኖ ፓምፕ ያለው ሰውም እንዲሁ፤ ለእሱ መሬቱ ራሱ ቀድሞ መርጦለታል፤ ከአንድ በርሜል ሁሉም ይጠጣሉ። ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ወጥቶ በመንገዱ ላይ ማደያዎችን እየቆጠረ የሚሄደው የቅዳሜው ሰውዬ ግን ምን ያከማቻል? ከተማ ሞልቶ ይወጣል፣ በተረፈው ይመለሳል። የማደያውን ሰልፍ በተመለከተ ሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ ሳምንቱ ሲከፋ ቤንዚን ይጠፋል፣ ወሩ ሲከፋ ናፍጣ፣ ሁለቱም ሲገኙ ደግሞ ከ2015 ወዲህ ክፍያው በስልክ ነውና ኔትወርክ ይጠፋል።

ከውጭ የመጣ ዘመድ ደግሞ አለ። ከአሜሪካ መጥቶ «እኛ ጋ ገበሬው ሁሉ የሚነዳው ቤንዚን ፒክአፕ ነው» ሲል ቤቱ በጨዋነት ያዳምጠዋል፤ ማንም ግን አያምነውም። የሚናገረው ግን ብዙም ከእውነት አይርቅም፤ እዚያ ተራው ፒክአፕ አብዛኛው ቤንዚን ነው፤ ናፍጣ የሚበዛው ከባዱን ተጎታች በሚጎትቱት ላይ ነው። ምስክርነቱ ለእኔ ወገን ቢሆንም እንዳለ ልቀበለው አልችልም፤ እዚያ የፌዴራሉ ቀረጥ ብቻ በጋሎን ለቤንዚን 18.4 ሳንቲም፣ ለናፍጣ 24.4 ሳንቲም ስለሆነ ሒሳቡ ከመነሻው ያጋደለ ነው። የኛ ሒሳብ የሚቆመው በሁለቱ ዋጋ መቀራረብ ላይ ነው። መንግሥት ነገ አንዱን በሠላሳ ብር ቢያስበልጠው ይህን ሁሉ እንደገና እናሰላለን።

ቀጥሎ የሚመጣው የመሸጫው ክርክር ነው፤ «ናፍጣ ሲሸጡት ዋጋ ያወጣል።» ያወጣል፤ ሲገዙትም ዋጋ አስወጥቷልና። ባለቤቱ ከፍሎ የገባበትን ነው መልሶ የሚቀበለው፤ እሱንም ሞተሩ በጤናው ከቆየለት ነው። ሳይሠራ በመቆም፣ ሳይሞቅ በመጥፋትና በጀሪካን ናፍጣ የከረመ ሞተር ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ዋጋውን የሚያውቀው የገዢው መካኒክ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ መዳፉን ሲያስጠጋበት ነው። ከዚያ ቀዳዳ የሚወጣው ጭስ እየገፋ እጁን ካራሰው፣ መካኒኩ ምንም ሳይናገር ወደ ገዢው አንዴ ይመለከታል። ያቺ አስተያየት ብዙ ሺህ ብር ታወርዳለች።

ዘመኑ ያመጣው ተቃውሞም አለ። ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል፤ «እናንተ ስለ ናፍጣና ቤንዚን ስትከራከሩ ዓለም ጥሏችሁ ሄደ» የሚለን ሰው ብዙ ነው። የዚህን ሰው ሐሳብ ገልብጠን ብናየው የእኛው ክርክር ሆኖ እናገኘዋለን። ኤሌክትሪክ መኪና የሚወደው ምንድን ነው? አጭር መንገድ፣ ዝግተኛ ጉዞ፣ ብዙ መቆም። ሳይሞቅ ቢጠፋ አይከፋውም፤ ሳምንቱን በሙሉ ቢቆምም ጥላሸት አያጠራቅም። በሳምንት 150 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ፣ ቤቱ መብራት ላለውና ይዞታው ለከተማ ለሚቀርብ ሰው ጥሩ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ቢያገኝና የሚጠግንለት ቅርብ ቢሆን፣ ቤንዚኑንም ተወው እለዋለሁ። እስካሁን ገበያችንን የሞላው ግን የቤተሰብ መኪና እንጂ ፉርሽካ የሚጫንበት ሆዱ ከፍ ያለ ፒክአፕ አይደለም። እስከዚያው ድረስ ለዚህ ሰው የቀረው አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ነው፤ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ያሳለፈው ኑሮ ከነዳጁ ዓይነት በላይ ይመዝናል፤ ያልታወቀ ኑሮ ያሳለፈ ቤንዚን ሲከፋ ቴስታታውን አውርደው ይሠሩታል፤ ያልታወቀ ኑሮ ያሳለፈ ኮመን ሬይል ግን ሲከፋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ይፎካከራል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም «ናፍጣ ነው!» ማለት የሚያምረው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ድምፁም ያስገመግማል፤ ከሩቅ ሲሰማ ሠራተኛው ከእንቅልፉ ይነሣል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ጎረቤቱ «መጡ» ይላል። ለዚህ ክብር የሚከፈል ዋጋ ካለ በፈቃዱ የሚከፍለውን ማንም አይከለክለውም። እሱም ሆነ ቤንዚን ገዢው ግን መኪና ለማየት ሲሄዱ ጠዋት በማለዳ፣ ሳይነግሩ ቢሄዱ ይጠቅማቸዋል፤ ከምንም ነገር በፊትም ኮፋኖው ላይ እጃቸውን ያሳርፉ። ደካማ ሞተር የሚጋለጠው በብርድ ሲነሣ ነው፤ ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ከሁሉ በላይ ይናገራል። ኮፋኖው ሞቆ ከተገኘ አንድ ሰው ገዢው ከመድረሱ በፊት አስነሥቶታል ማለት ነው። ደላላውን ቢጠይቁት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ጋሼ፣ አሁን ከሥራ መጥቶ እኮ ነው!»